ቻርጀሩን ተዉት፣ ቧንቧውን እዩት

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። የቤት መብራት ሂሳብን በግማሽ ስለመቀነስ የሚያወራ ነው። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ እህቴ ናት። ልካው ብቻ አልተወችኝም፤ ቤት መጥታ የስልኬን ቻርጀር ከሶኬት ነቅላ ሄደች። ይህን ምላሽ የምጽፈው በከፊል ለእሷ ነው።

ላላነበባችሁት የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ብዙ ዋት የተጻፈበት ዕቃ ሁሉ ሂሳብ አናሪ ነው። ሶኬት ላይ የተረሳ ቻርጀርና በሪሞት ብቻ የጠፋ ዕቃ ዋናዎቹ ሌቦች ናቸው። ፍሪጅ ማታ ማታ ይጥፋ። ቦይለር ግን ጭራሽ አይጥፋ፤ እንደገና ማሞቁ የበለጠ ይበላል። ምግብ በኃይለኛ እሳት ቶሎ ይብሰል። የዘይት ማሞቂያ ሽቦ ከሚግልበት ማሞቂያ ይቆጥባል። ኤልኢዲ አምፖል ግዙ፣ ግን ቶሎ ቶሎ አታብሩ አታጥፉ። ሶኬት ላይ የምትሰካ ቆጣቢ ሳጥን አለች፣ እሷንም ግዙ። አዲሶቹ ቆጣሪዎች ይሮጣሉ። በመጨረሻም ፍጆታውን በግማሽ የቀነሰ ሰው ሂሳቡንም በግማሽ ይቀንሳል።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉ አልጠራጠርም። አንዳንዱም ልክ ነው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሰው ለቁጠባ ያለው ትዕግሥት ውሱን ነው። አንድ ሳምንት ቻርጀር ሲነቅል ከርሞ ሂሳቡ ንቅንቅ ካላለ "መብራት መቆጠብ ብሎ ነገር የለም" ብሎ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ገንዘቡ የሚፈስበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ገንዘቡ ያለው ሙቀት ውስጥ ነው። ውሃ ማሞቅ፣ ምግብ ማብሰል፣ ቤት ማሞቅ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። በተራ እንየው።

ስለ ዋት

ጸሐፊው የቤት ዕቃዎችን በዋታቸው ደርድረዋል። 2000 ዋት የሚለው የውሃ ማፍያ ከላይ ሆኗል፤ 100 ዋት የሚለው ቴሌቪዥን ከታች። ይህ ደረጃ ልክ የሚሆነው ሁለቱም እኩል ሰዓት ከሠሩ ብቻ ነው። ዋት ፍጥነት ነው። ቆጣሪው የሚመዘግበው ግን የተሄደውን መንገድ ነው። የመንገዱ መለኪያ ኪሎዋት ሰዓት ይባላል። 1000 ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ከዚህ የከበደ ሂሳብ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም።

አሁን እናባዛ። ማፍያው 1 ሊትር ውሃ ለማፍላት ከ3 ደቂቃ ትንሽ በላይ ይወስድበታል። ያ 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ቴሌቪዥኑ 6 ሰዓት ከበራ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት በላ። በደረጃው ከታች ያለው ዕቃ ከላይኛው በስድስት እጥፍ በለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ዋት ስታዩ ወዲያው "ለስንት ሰዓት?" በሉ። ሰዓቱ ካልታወቀ ዋቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። የተጻፈው ዋት ዕቃው የሚስበው ከፍተኛው መጠን ነው። ካውያ፣ ምድጃ፣ ቦይለርና ፍሪጅ የተፈለገው ሙቀት ወይም ቅዝቃዜ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ሲያስፈልግ መልሰው ያበራሉ። ካውያ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በራች ጠፋች የምትለው ለዚህ ነው። 2000 ዋት የሚል ካውያ አንድ ሰዓት ተኮሳችሁበት ማለት 2 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት አይደለም።

ስለ ቻርጀሩ

እህቴ፣ ይህችን ክፍል ቀስ ብለሽ አንብቢያት።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ አነስተኛ ቻርጀሮች ምንም ሳይሰካባቸው ከ0.1 ዋት በላይ እንዳይስቡ ያስገድዳል። አንድ ዓመት 8760 ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ ቻርጀር ዓመቱን ሙሉ ከሶኬት ሳይነቀል ቢከርም 0.9 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ዘጠኝ ጊዜ ውሃ እንደማፍላት ነው። በዓመት!

እዚህ ጋ አንድ ንጽጽር ላስገባ። ሻወር በደቂቃ 8 ሊትር ቢያፈስ፣ ውሃውም ከ20 ዲግሪ ወደ 40 ቢሞቅ፣ የ10 ደቂቃ ሻወር 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አንድ ቀን ብቻ 5 ደቂቃ ቀድማችሁ ብትወጡ የቆጠባችሁት ቻርጀሩን ዓመት ሙሉ ነቅላችሁ ከምትቆጥቡት ይበልጣል።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት አንድ ነገር ግን አለ። በሪሞት የጠፉ የመሰሉን አንዳንድ የቆዩ ሪሲቨሮችና ዲኮደሮች ውስጣቸው እንደነቃ ያድራል። 10 ወይም 15 ዋት የሚስቡ አሉ። 15 ዋት ዓመት ሙሉ 131 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህ ቀልድ አይደለም። መለየቱም ቀላል ነው። ዕቃው ከጠፋ ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ጀርባውን በእጃችሁ ዳብሱት። ሞቅ ካለ እየበላ ነው። ቀዝቅዞ ከሆነ ተዉት። ቻርጀርን መንቀል የፈለገ ደግሞ ለደህንነት ብሎ ይንቀል። ርካሽና ጥራት የሌለው ቻርጀር ሰው በሌለበት ቤት ባይሰካ እኔም እመርጣለሁ። ያ የሂሳብ ጉዳይ ግን አይደለም።

ስለ ፍሪጁ

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? ፍሪጅን ማታ ማጥፋት እሱን ነው።

ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ከውጭ የሚገባበትን ሙቀት መልሶ ያስወጣል። ማታ ብታጠፉትም ሙቀቱ በግድግዳውና በበሩ ጎማ በኩል መግባቱን አያቆምም። ጠዋት ስታበሩት ሞተሩ የሌሊቱን ዕዳ ለመክፈል ሳያርፍ ይሠራል። ትርፍ አለ ከተባለ የምትገኘው ከአንድ ቦታ ነው፤ ውስጡ ሞቅ ሲል ከውጭ የሚገባው ሙቀት ትንሽ ይቀንሳል። ክፍሉ 24 ዲግሪ፣ የፍሪጁ ውስጥ 4 ዲግሪ ነው እንበል። ልዩነቱ 20 ነው። ሌሊቱን ጠፍቶ ጠዋት 10 ዲግሪ ቢደርስ የሌሊቱ አማካይ ልዩነት 17 ገደማ ሆነ። በዚያ 8 ሰዓት የገባው ሙቀት በ15 ከመቶ ቀነሰ ማለት ነው። በቀን 0.7 ኪሎዋት ሰዓት በሚበላ ፍሪጅ ላይ ይህ 0.04 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ለዚህች ስትሉ ወተቱና ሥጋው 10 ዲግሪ ላይ ያድራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለውን ሙቀት ለምግብ አደገኛው ክልል ይለዋል፤ ተህዋስያን በፍጥነት የሚራቡት እዚያ ውስጥ ነው። አንድ ቀን የተበላሸ ምግብ ብትጥሉ የዓመቱ ቁጠባ አብሮት ተጣለ።

ከፍሪጅ መቆጠብ ለሚፈልግ ሌላ መንገድ አለ። ወረቀት በበሩ መሀል አድርጋችሁ ዝጉትና ሳቡት። ያለ ምንም ችግር ሹልክ ካለ ጎማው አርጅቷል። ጀርባውን ከግድግዳው ራቅ አድርጉት፤ ያስወጣው ሙቀት መሄጃ ይፈልጋል። ከምድጃ ጎን አታቁሙት። ታችኛውን ክፍል 4 ዲግሪ፣ በረዶ የሚሠራውን ክፍል 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ላይ አድርጉት። ከዚያ በላይ ማቀዝቀዝ ለታይታ ነው።

ስለ ቦይለሩ፣ ረዘም አድርጌ

ከጽሑፉ ሁሉ ያስቆጨኝ ይኼኛው ነጥብ ነው። ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚህ ሆኖ ሳለ ምክሩ የተገለበጠ ነው። ጸሐፊው ቦይለር ሌት ተቀን ይብራ ይላሉ። ምክንያታቸው የቀዘቀዘ ውሃ እንደገና ማሞቅ ሞቆ ከቆየው የበለጠ ይበላል የሚል ነው።

ቦይለሩን እንደ ቀዳዳ እንስራ አስቡት። ውሃው ሙቀቱ ነው፤ ቀዳዳው በግድግዳው በኩል የሚያመልጠው ሙቀት። እንስራው ሙሉ ሲሆን በቀዳዳው የሚወጣው ይበረታል። ሲጎድል እየሳሳ ይሄዳል። ሁልጊዜ ሙሉ አድርጌ ልያዘው ያለ ሰው ሁልጊዜ ከፍተኛውን ፍሳሽ ይከፍላል። እንዲጎድል ትቶ ሲፈልግ የሞላው ግን የሚተካው የፈሰሰውን ብቻ ነው። የፈሰሰውም ያነሰ ነው። ማጥፋት የሚያከስርበት ሁኔታ የለም። ጥያቄው ትርፉ ምን ያህል ነው የሚል ብቻ ነው።

ትርፉ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በቦይለሩ ሽፋንና ጠፍቶ በሚቆይበት ሰዓት። ጥሩ ሽፋን ያለው 50 ወይም 80 ሊትር ቦይለር ማንም ሳይነካው በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻውን ያጠፋል። አሮጌው ከዚህ ይበልጣል። ጠዋት ብቻ የሚታጠብ ቤተሰብ ከመታጠቡ በፊት አብርቶ ሲጨርስ ቢያጠፋው ከዚህ ጥሩ ድርሻ ይቀነስለታል። ለሁለት ሰዓት ብቻ ማጥፋት ግን እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለውም፤ ለዚያ አትጨናነቁ።

ዋናው ወጪ ግን የምንጠቀምበት ውሃ ራሱ ነው። 1 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ይህን ቁጥር ማንም ኩባንያ፣ ማንም ቴክኖሎጂ አያሻሽለውም፤ የውሃ ጠባይ ነው። 50 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ። አንድ ሰው ያንን ውሃ ታጥቦ ጨረሰ፣ ሌላ 2.3 ለሚቀጥለው። የአራት ሰው ቤት ሂሳብ ለምን እንደሚንር እዚህ ታያላችሁ።

ሙቀቱን ከ75 እና ከ80 ወደ 60 ዲግሪ ማውረድም ይረዳል፤ የሚያመልጠው ይቀንሳል። ከዚያ በታች ግን አትውረዱ። ለብ ያለ ውሃ ሊጅዮኔላ የተባለው የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ የሚመቸው ቤት ነው፤ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ በደንብ ይራባል። ቦይለራቸው ለቀናት ጠፍቶ የቆየባቸው ሰዎችም ከመታጠባቸው በፊት 60 ዲግሪ እስኪደርስ ያሙቁት።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ሰሞን ሂሳቤ ያለ ምክንያት ጨመረ። እኔም እንደ ጸሐፊው ቆጣሪውን ጠረጠርኩ። አንድ ምሽት ከቦይለሩ በቀር ሁሉንም አጥፍቼ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፍኩና ተኛሁ። ከ10 ሰዓት በኋላ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ጨምሯል። ማንም አልታጠበም። የቦይለሩ መመሪያ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ የሚጠፋው 1 ገደማ ነው ይላል። ለ10 ሰዓት 0.4 ይበቃው ነበር። ሌላው 0.4 የት ገባ?

ቁጭ ብዬ ሳስብ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእጅ መታጠቢያው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ነበር። ለወራት ሲንጠባጠብ ሰምቼው ለምጄዋለሁ። ከሥሩ መስፈሪያ አስቀመጥኩ። በአንድ ሰዓት 1 ሊትር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በሰከንድ አንድ ጠብታ ነው፤ በቀን 21 ሊትር ያልፋል። የሚንጠባጠበው ውሃ መንገድ ላይ ቀዝቅዞ ስለሚደርስ እጅን አያሞቅም፤ ለዚህ ነው ያልጠረጠርኩት። በእሱ ምትክ ቦይለሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ግን በ40 ዲግሪ ማሞቅ ነበረበት። አስሉት፤ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት። ፍሪጄ እንኳ ይህን ያህል አይበላም። ከ400 በላይ ቻርጀር ግድግዳ ላይ ሰክቶ ዓመቱን ሙሉ መተው ማለት ነው።

ቆጣሪውን ይቅርታ አልጠየቅኩትም እንጂ ይገባው ነበር።

ስለ ድስቱ

በኃይለኛ እሳት ቶሎ ይብሰል የሚለው ምክር እስኪፈላ ድረስ ትክክል ነው። ከፈላ በኋላ ግን ስህተት ነው። የፈላ ውሃ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ አይጨምርም። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ ይቆማል፤ ከፍታ ላይ ደግሞ ከዚያ በታች። ምግቡን የሚያበስለው ሙቀቱ እንጂ መንተክተኩ አይደለም። ቀስ ብሎ የሚፈላውና ጣሪያ ሊነካ የሚዘለው ድስት እኩል ያበስላሉ።

ታዲያ ትርፉ እሳት የት ይሄዳል? እንፋሎት ሆኖ በመስኮት ይወጣል። 1 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ማድረስ 0.09 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ያንኑ ሊትር እንፋሎት አድርጎ መጨረስ ግን 0.63 ኪሎዋት ሰዓት። ከስድስት እጥፍ በላይ! የማብሰያ ቤታችሁ መስታወት ላብ በላብ ሲሆን ያ ላብ የተከፈለበት ነው። ክዳን ግጠሙ። ሲፈላ እሳቱን እስከ ዝቅተኛው አውርዱ። ከጽሑፉ ምክሮች ሁሉ ክዳን አንድም ቦታ አለመጠራቱ ገርሞኛል። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ደግሞ ውስጡ 120 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ ጥራጥሬውን በግማሽ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። የብረት ምጣድ ያለው ኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ይግላልና ትንሽ ቀደም ብሎ ማጥፋት ነው።

ስለ ማሞቂያውና ስለ አምፖሉ

በአጭሩ። የዘይት ማሞቂያም ሽቦውም 2000 ዋት ከሳቡ 2000 ዋት ሙቀት ይሰጣሉ። ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ሲቀየር የሚባክን የለም፤ ብክነት ራሱ ሙቀት ነውና። የዘይቱ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ልጅ ላለበት ቤት ይሻላል። ሂሳብ ላይ ግን ልዩነት የለውም። የተለየው ሙቀትን ከውጭ አየር ቀድቶ ወደ ቤት የሚያስገባው መሣሪያ ነው፤ ሙቀት የሚሰጥ ኤሲ እንደዚያ ነው። 1 ኪሎዋት ሰዓት በልቶ 3 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት ሊሰጥ ይችላል።

አምፖል ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ አብሬ እሄዳለሁ። የድሮው 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ኤልኢዲ በ9 ዋት ይሰጣል። የድሮው ከበላው ከአሥር አንዱን እንኳ ብርሃን አያደርገውም፤ ሌላው ሙቀት ነው። አምስት አምፖል በቀን አምስት አምስት ሰዓት ቢበራ በድሮው 1.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ በኤልኢዲ 0.2 ትንሽ ፈቀቅ ያለ። ቀይሩ፣ ተገላገሉ። ከቀየራችሁ በኋላ ግን ልጆቹ ላይ "መብራት አጥፉ!" እያሉ መጮህ ብዙም አያተርፍም። ማብራት ማጥፋቱ ይበላል የሚለው ደግሞ የድሮ ወሬ ነው። ሲበራ ከፍ የሚለው ኃይል ከሰከንድ ክፋይ አያልፍም። ስትወጡ አጥፉ፤ ስትገቡ አብሩ።

ስለ ሳጥኗ

ይህችን ሳጥን ከሻጩ እጅ አይቻታለሁ። ሻጩ ጎበዝ ነው። ቬንቲሌተር ያበራና በሽቦው የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ አምፔሩን፣ በሚለካ መቆንጠጫ ሽቦውን ይይዛል። ቁጥሩን ታያላችሁ። ከዚያ ሳጥኗን ይሰካል። ቁጥሩ ወደቀ! ሰው ያጨበጭባል።

ማታለሉ ምን ላይ ነው? ቁጥሩ በእርግጥ ወድቋል። ግን የወደቀው አምፔር ነው። ሞተር ያለበት ዕቃ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ሌላ የሚዋሰውና ወዲያው የሚመልሰው አለ፤ በየሰከንዱ 50 ወይም 60 ዑደት፣ እየወሰደ እየመለሰ። መቆንጠጫው ብድሩንም ፍጆታውንም አንድ ላይ ያያል። ሳጥኗ ውስጥ ያለው ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ ለአፍታ ይዞ የሚለቅ ዕቃ ነው፣ ያንን ብድር ከሩቅ መስመር ይልቅ ከአጠገቡ እንዲዋስ ያደርጋል። ፍጆታው እንዳለ ነው። የቤት ቆጣሪ ደግሞ የሚያስከፍለው ፍጆታውን እንጂ ብድሩን አይደለም። የብድሩ ነገር የሚያሳስባቸው ለእሱም የሚከፍሉ ፋብሪካዎች ናቸው።

ምድጃ፣ ቦይለርና ካውያ ላይ ደግሞ ጭራሽ ብድር ብሎ ነገር የለም። ትልቁን ሂሳብ የሚያመጡት እነሱ ሆነው ሳለ ሳጥኗ ከእነሱ ጋር የምታወራው ነገር የላትም። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ማብራሪያ ያስረዳው ይህንኑ ነው። በዚያ ላይ ሳጥኗ አረንጓዴ መብራት አላት። እሷም ትበላለች።

ቆጣሪው ይሮጣል?

ይህን ነጥብ በሳቅ አላልፈውም። የድሮው የሚሽከረከር ዲስክ ያለው ቆጣሪ የሃንጋሪው ኦቶ ብላቲ እ.ኤ.አ. በ1889 የፈጠረው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። ሲያረጅ ግን ዲስኩን የሚይዘው ይደርቅና ይጎተታል፤ ትንሽ ትንሽ ፍጆታ ሳይቆጥር ያልፋል። እሱ ተነሥቶ ዲጂታል ሲተከል ሂሳብ የሚጨምርበት ጊዜ አለ። አዲሱ ሮጦ ሳይሆን አሮጌው እያነከሰ ስለነበር ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የኔዘርላንድሱ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ዘጠኝ ዲጂታል ቆጣሪዎችን ፈትነው አምስቱ ከትክክለኛው በጣም አስበልጠው አንብበዋል፤ ከፍተኛው ስህተት 582 ከመቶ ደርሷል። የተገኘው ግን በላቦራቶሪ ነው፤ የብርሃን መጠን የሚቀንሰው ዲመርና ብዙ ቆጣቢ አምፖል በአንድ ላይ ሆነው የኤሌክትሪኩን ሞገድ ክፉኛ በቆራረጡበት ሁኔታ። ስለዚህ "ቆጣሪ አይሳሳትም" አልልም። "ሁሉም ይሮጣሉ" ማለትም አይቻልም። መፈተን ነው።

ፈተናው 5 ደቂቃ አይፈጅም። ዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ከአጠገቧ 1000፣ 1600 ወይም 3200 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ነው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፉና ንቀሉ። ያኔም ብልጭ ካለች የረሳችሁት ዕቃ አለ፤ ከሌለም መስመራችሁ ላይ ሌላ ሰው አለ፣ ወይም ሽቦ ያፈሳል። ባለሙያ ጥሩ። ጸጥ ካለች 2000 ዋት የሚለውን ማፍያ ብቻ ሰኩና በስልካችሁ አንድ ደቂቃ ያዙ። ቁጥሩ 1600 ከሆነ 53 ጊዜ አካባቢ ብልጭ ማለት አለባት። ቮልቴጁ ዝቅ ካለ ማፍያው ራሱ ከተጻፈበት ያነሰ ስለሚስብ 48ም 50ም ሊሆን ይችላል። ሰባና ሰማንያ ከሆነ ግን ቁጥሩን ጽፋችሁ ቆጣሪው እንዲመረመር ለአቅራቢው ድርጅት አመልክቱ። "ይሮጥብኛል" ከሚል ቃል ይልቅ የተጻፈ ቁጥር ይሰማል።

ይህቺው መብራት ያለ ምንም መሣሪያ የማንኛውንም ዕቃ ዋት ትነግራችኋለች። በደቂቃ 8 ጊዜ ብልጭ ካለች፣ 8 በ60 ተባዝቶ ለ1600 ሲካፈል 0.3 ነው። በዚያ ሰዓት ቤታችሁ 300 ዋት እየሳበ ነው።

ግማሽ ፍጆታ፣ ግማሽ ሂሳብ?

አይደለም። በብዙ ቦታ ሂሳቡ ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም የምትከፍሉት መደበኛ ክፍያ አለው። መደበኛው 20፣ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 1 ነው እንበል። 100 የተጠቀመ 120 ይከፍላል። 50 የተጠቀመ ደግሞ 70። ግማሹ 60 ነበር።

ታሪፉ በእርከን ሲሆን ነገሩ ይለያል። በአንዳንድ ቦታ እያንዳንዱ እርከን የራሱ ዋጋ አለው። የመጀመሪያው 50 በ1፣ ከዚያ በላይ ያለው በ2 ቢሆን 100 የተጠቀመ 150 ይከፍላል። 10 ብትቀንሱ የሚቀነስላችሁ 20 ነው፤ ቁጠባው ሁልጊዜ ከውዱ ጫፍ ነው የሚጀምረው። ፍጆታው በግማሽ ሲወርድ ሂሳቡ 50 ሆነ፤ ከግማሽም በታች። ሌላ ቦታ ደግሞ ጠቅላላ ፍጆታችሁ የደረሰበት እርከን ዋጋ ለሁሉም ይሠራል። እዚያ ድንበሯን በ1 ኪሎዋት ሰዓት ማለፍ ሙሉውን ሂሳብ ያዘልለዋል። የእናንተ የቱ እንደሆነ የታሪፍ ወረቀቱ ላይ አለ። ከማንኛውም የቁጠባ ጽሑፍ በፊት፣ የእኔንም ጨምሮ፣ እሱን አንብቡ።

ወር ከወር ስታወዳድሩም ገንዘቡን አታወዳድሩ። ስንት ኪሎዋት ሰዓት በስንት ቀን? የ28 ቀንና የ35 ቀን ንባብ በአንድ ዓይነት አኗኗር የ25 ከመቶ ልዩነት አለው። ስንቱ ሰው በዚህ ብቻ ቆጣሪ ሲራገም አድሯል።

ለመጨረሻ ከጸሐፊው ምክር ያልተቀበልኩትን ደመርኩት። አምስት ቻርጀር ዓመት ሙሉ መንቀል፣ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት። ፍሪጁን በየሌሊቱ ማጥፋት፣ ከ15 የማይዘል፣ የሚበላሸው ምግብ ሳይቆጠር። ሳጥኗ፣ ዜሮ። ዓመቱን ሙሉ 20 አይሞላም። የእኔ ቧንቧ በሦስት ሳምንት ያንጠባጥበው ነበር።

ቧንቧውን ያዳነችው ከውስጡ ያለች ክብ ጎማ ናት፤ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ውሃውን ከዋናው ዘግቼ፣ ቧንቧውን ፈትቼ፣ አሮጌዋን በአዲስ ተካኋት። አንድ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ያረጀችው ጎማ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለች። እህቴ ቻርጀሬን ስትመልስልኝ እሰጣታለሁ።